የሰው እግር ቤታችን አያድርም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ቀለም አለቀ። እንደገና። ፕሪንተሩ የመጨረሻውን የተረከዝ ፎቶ ግማሹን ሮዝ ግማሹን ግራጫ አድርጎ ተፋው። ወንድምጋሼ ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ወስዶ በብርሃን አየው።

«ሰውየው ታሟል ወይስ ቀለሙ ነው?»

«ቀለሙ ነው።»

«ተመስገን» አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ስክሪኑ ላይ እይ ብዬ ስንቴ ለመንኩት። አይሆንም። ወረቀት ካልሆነ፣ ያውም በእግሩ ልክ ካልታተመ እጁ አይፈታም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በቆዳ እርሳስ ሲያሰምርበት ነው እግሩ የሚገባው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩት። «ሁለቱም ነኝ» አለ። ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

ድረ ገጹን ከከፈትኩ ወዲህ ሥራ አላጣንም። የሱቅ ጫማ የማይገባላቸው ሰዎች ከሩቅም ከቅርብም የእግራቸውን ፎቶ ይልካሉ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው። ስም አንጠይቅም። የጫማው ሳጥን ላይ የሚጻፍ ስም ብቻ ነው የምንጠይቀው፣ የፈለጉትን። «ዳክዬ» አለች አንዷ። አንዱ «አትሳቁ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ነገር በስልክ ያልቃል።

ችግሩ የአባታችን ደንብ ነው። እሱ ሰውን ወረቀት ላይ አቁሞ እግሩን በእርሳስ ይዞረው ነበር። ጫማው ሲያልቅ ያን ወረቀት አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ይከተዋል። «ጫማው ከወጣ እግሩም ይውጣ። የሰው እግር ቤታችን አያድርም።» ያው ሰው ሌላ ጫማ ሲፈልግ እንደ አዲስ ይለካል! ወንድምጋሼም ይኸው ወርሶታል። ፎቶው ታትሞ ሲያበቃ ከኮምፒውተሩ ይጥፋ፣ ጫማው ሲያልቅ ወረቀቱ ለባለቤቱ ይመለስ።

ዳክዬ መስከረም መባቻ ላይ ሁለተኛ ጫማ አዝዛ ፎቶውን እንደገና ላኪ ስላት፣ «እግሬ ተቀየረ እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ማጥፋቱን ከመስከረም ጀምሮ ትቻለሁ። ፎቶ ሲገባ አትማለሁ፣ ያበቃል። ድረ ገጹ ላይ የሚጠራቀሙበትን ፎልደር ከፍቼም አላውቅ። ይከማቹ። ማንን ይጎዳሉ? ለወንድምጋሼ አልነገርኩትም። ኮምፒውተሩን እንደሆነ ማብራቱንም አያውቅበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቀትር ላይ ስልክ። የሴት ድምፅ፣ የሚቸኩል። ከጀርባዋ የጋሪ ጎማ ይንጫጫል። ነርስ ነች።

«ፎቶውን ማን ነው የሚያየው?»

«እኔና ወንድሜ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም የለም።»

«ሠራተኛ የላችሁም? ቁጭ ብሎ ወሬ የሚያወራ ሰው?»

«ወሬ የሚያወራው ወንድሜ ነው። እሱም ከጫማ ጋር ነው የሚያወራው።»

ሳቀች። ሳቋ ከድምፅዋ ይወፍራል። ከዚያ እየቆራረጠች ነገረችኝ። ግራ እግሯ ከልደቷ ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። በልጅነቷ ሐኪሞች እናቃና ብለው ቀደዱት፣ ባሰበት። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ሌላ ባዶውን ያየው ሰው የለም። እናቷም አሁን የሉም። ሥራ ቦታ ካልሲዋን የምትቀይረው በር ቆልፋ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፣ ማታ ካልሲው ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል።

«በሽተኞቼ ገና ሳልደርስ በኮቴዬ ነው የሚያውቁኝ። ያቺ የምትጎትተዋ መጣች ይባባላሉ። በክፋት አይደለም…»

በክፋት አይደለም። ምን ዓይነት ማጽናኛ ነው?

«የኋላ በር አላችሁ?» አለችኝ፣ ጫማው ሳያልቅ ለልኬት ስትመጣ ማለቷ ነው።

«የለንም። መጋረጃ ግን አለን።»

«ይማሉልኝ።»

መማል አልወድም። ማልኩላት ግን፣ በአባቴ። ከእኔና ከወንድሜ ዓይን ሌላ ዓይን አያየውም አልኳት። ሳጥኑ ላይ ማን ብዬ ልጻፍ ስላት ትንሽ አሰበችና «ኮቴ በይው» አለች። እንግዲህ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ወረደችልኝ። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የኮቴ ፎቶ ገባ። በማስመሪያ ፋንታ ሲሪንጅ አስቀምጣለች፣ ከነመስመሩ። የሥራ ቦታዋ ወለል ላይ ነው መሰለኝ ያነሳችው፣ በር ቆልፋ። የአንደኛው ፎቶ ጠርዝ ላይ ጣቷ ገብቷል።

አትሜ ለወንድምጋሼ ሰጠሁት። ሲያይ ብዙ ቆየ። ሌላ ጊዜ ያፏጫል። አላፏጨም።

«ምነው? ከባድ ነው?»

«ከባድስ አይደለም» አለ። «ይሄ እግር ብዙ ሠርቷል። ያመሰገነው ሰው የለም እንጂ።»

የሷንስ ከኮምፒውተሩ ላጥፋው ይሆን? ምዬላታለሁ። ከሌሎቹ ጋር መቀመጥ የለበትም። ነገ አጠፋዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ቀለም ተገዛ። አንድ የረሳሁት ነገር ነበር… ምን ነበር?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11



ጠዋት መልእክት መጣ፣ ድረ ገጻችንን ማሽናቸው ላይ ከሚያኖሩልን ሰዎች። የምትጠቀሙበት የፎቶ መቀበያ ፕለጊን ክፍተት ተገኝቶበታል፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አዘምኑት፣ ገጻችሁንም ፈትሹ ይላል። ፕለጊን የሚሉት ድረ ገጽ ላይ የሚሰካ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የኛው ፎቶ ይቀበላል፣ ሌላ ሥራ የለውም። እኔው ነኝ የሰካሁት። በነጻ ነበር፣ ሰዎችም ጥሩ ነው ብለውት ነበር።

ክፍተቱ ምን እንደሆነ ደጋግሜ አነበብኩ። ፕለጊኑ የሚገባውን ፋይል ስሙን ነው የሚያየው፣ ውስጡን አያይም። ሳጥን ላይ «ጫማ» ተብሎ ከተጻፈ ክዳኑን ሳይከፍት መደርደሪያ ላይ የሚደረድር ዘበኛ በሉት። አንዱ ተንኮለኛ ፕሮግራም ጽፎ «ፎቶ ነው» ብሎ ይልካል። ይገባል። ከዚያ በውጭ ሆኖ ያስነሳዋል። ከተነሳ በኋላ ቤቱ የሱ ነው፣ ያለውን ያያል፣ ያሻውን ይወስዳል።

ያለውን ያያል…

ፎልደሩን ከፈትኩት። ካቆምኩበት ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ባዶ ነው። ዳክዬ የለች፣ አትሳቁ የለም፣ ኮቴ የለችም። አንድ ፋይል ብቻ መሃል ላይ ተገትሯል። ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ኮተት ነው። እግር አይደለም።

ወስደዋቸዋል። ጠራርገው ወስደዋቸዋል።

መጀመሪያ የፎቶ መላኪያውን ዘጋሁ። ይሄን እንኳን አውቃለሁ። የቀረውን አላውቅም። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከመጠቅለያ ነው። ቆዳ ሻጩ ቆዳውን በአሮጌ መጽሐፍ ገጾች ይጠቀልል ነበር፣ አንድ ክረምት የድረ ገጽ አሠራር መጽሐፍ ደረሰው። ከምዕራፍ ሦስት እስከ ሰባት በቁርጥራጭ ደረሰኝ፣ እያስተካከልኩ እየሰፋሁ አነበብኩት። የጎደለውን ከዚህም ከዚያም ለቃቀምኩ። ምዕራፍ ስምንት ግን አልመጣም። ማውጫው ላይ አይቼዋለሁ። «ድረ ገጽዎን ስለመጠበቅ» ይላል። ያን ሰሞን ቆዳ ሻጩ በላስቲክ መጠቅለል ጀመረ።

ድረ ገጹን የሚያኖሩልን ሰዎች ጋ ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ደወልኩ። ተይዟል።

«ምነው ፊትሽ?» አለኝ ወንድምጋሼ።

«ራሴን አሞኝ ነው።»

የኮቴን ፎርማ እየጠረበ ነው፣ ጫማው የሚወጠርበትን የእንጨት እግር። ቁርጥ የሷን እግር መምሰል ጀምሯል። ማየት አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ተገኙ። ቴክኒሻኑ ድምፁ የልጅ ነው፣ አነጋገሩ ግን የረጋ።

«እናቴ፣ አይደንግጡ። በመጀመሪያ መላኪያውን ዘግተውታል?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ጎበዝ። ያን ፋይል እንዳይነኩት፣ እኔ አየዋለሁ። ፎልደሩ ውስጥ ምን ነበር?»

«እግር።»

«ምን አሉኝ?»

«የሰው እግር።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «እናቴ…» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሥራዎ ምንድነው?»

ጫማ ሰፊዎች ነን፣ ፎቶ ነው ስለው ትንፋሹን ለቀቀው። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ። ማስጠንቀቂያችሁ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ አልኩት። «ውሻው እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለና እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

በሱ በኩል ሲያየው ፋይሉ የገባው እሁድ ጠዋት ነው። ከውጭም አስነስተውታል።

«ማለት… ገብተዋል?»

«ገብተዋል። አዲስ ቁልፍ አላስቀረጹም፣ ሌላ ነገርም አልሰኩም። ፎልደሩን አይተው ወጥተዋል።»

«ፎቶዎቹንስ?»

«በዚያን ሰዓት ከነበሩ፣ አልወሰዱም ልልዎት አልችልም።»

«ይኸው ወስደዋቸዋል እኮ። ባዶ ነው!»

«እሱ ነው ግራ የገባኝ» አለ። «ፎቶ የፈለገ ሌባ ይቀዳል እንጂ አያጠፋም። ቢያጠፋ ይነቃበታል። ሌላ መግቢያውን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ወንድሜ ነው ያለው። እሱ ማብሪያውንም አያውቅ።»

መቼ እንደጠፉ ፈልጌ እነግርዎታለሁ አለኝ።

እሁድ ጠዋት። እኔ ልብስ ሳጥብ ነበር። ልብስ እያሰጣሁ አንድ የማላውቀው ሰው የኮቴን እግር እያየ ነበር? የት ይለጥፈዋል? ምን ብሎ ይስቅበታል? ያቺ ልጅ በር ቆልፋ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ ያነሳችውን… ነገ ብዬ። ነገ አጠፋዋለሁ ብዬ! የረሳሁት ያ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ከየት ልጀምር?

ጠዋት ለኮቴ ልነግራት ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን መታሁ፣ መጥራት ሲጀምር ዘጋሁት። እንደገና መታሁ። ዘጋሁት። ወንድምጋሼ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ነርሷ ናት?» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ፎርማውን ባየሽ ቁጥር ፊትሽን ታዞሪያለሽ።»

ነገርኩት። ፕለጊኑን፣ ክፍተቱን፣ እሁድን። ማጥፋቱን እንደተውኩም ነገርኩት፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ደብቄው። ለኮቴ በአባታችን እንደማልኩም። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሞረዱን ሳያቆም አዳመጠኝ።

«ባዶ ነው አልሽ?»

«ባዶ።»

«አንድም እግር የለም?»

«ወንድምጋሼ፣ አንድም! አንድ የማይታወቅ ነገር ብቻ ነው ያለው!»

ፎርማውን አስቀመጠ። ጉልበቱ ላይ የተከመረውን የእንጨት ፍርፋሪ አራገፈ። እንዲህ ሲያራግፍ የሚናገረው ነገር አለው።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አንቺ ስትተዪው ጊዜ ነዋ! አየሁ እኮ፣ እያተምሽ ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ። ብናገር ትጨቃጨቂኛለሽ። አንቺ ማታ ደጁን ስትጠርጊ እኔ እገባለሁ።»

«ኮምፒውተር አታውቅም!»

«አላውቅም። ቢጫዋን እከፍታለሁ፣ እግሮቹን እነካለሁ፣ ቅርጫቷን እጫናለሁ። ስታደርጊው ከኋላሽ ቆሜ ስንት ዘመን አየሁ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላውቅም። መዝጋቱንም አላውቅ፣ እንዳገኘሁት ትቼው ነው የምወጣው።»

እውነት ነው፣ ገጹን ሁልጊዜ ክፍቱን ነው ትቼው የምወጣው። ያንንስ ማን አስተማረኝ? ምዕራፍ ስምንት ይሆናል የሚከለክለው።

«የኮቴንስ?» አልኩት። «የኮቴንስ መቼ አጠፋኸው?»

«ያንኑ ዕለት ማታ። ወረቀቱ ቀለሙ ሳይደርቅ።»

ያንኑ ዕለት። ሐሙስ። ሌባው እሁድ።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ፍርፋሪው ላይ። እየሳቅኩ ነው የማለቅሰው፣ እያለቀስኩ ነው የምስቀው፣ ለራሴም አልለየኝም። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ሰኞ ማታም ገብቼ ነበር» አለ። «አዲስ እግር አልመጣም። አንድ ሌላ ነገር ተቀምጧል።»

«አየኸው? ያን ነገር አየኸው?»

«አየሁት። እግር አይደለም። ያንቺ ነው ብዬ ተውኩት።»

ከዚያማ አልቻልኩም። ሆዴን ይዤ ተንከባለልኩ። «ምን ያስቃል?» ይለኛል ደግሞ! «የሰው ዕቃ ልንካ?»

ሌባው ግድግዳ ቀዶ፣ በር ሰብሮ፣ ስንት ተንኮል ሸርቦ ገብቶ… ያገኘው የተጠረገ ቤት ነው። ምን ብሎ ይሆን የወጣው?

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ቴክኒሻኑ ደወለ። «እናቴ፣ አንድ የሚገርም ነገር አገኘሁ። ፎቶዎቹ የጠፉት ከሌባው በፊት ነው። ሁልጊዜ ወደ ማታ ነው፣ ከናንተው ከቤት ነው፣ የመጨረሻው ሐሙስ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ፎቶ የለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሌባው ቤቴ ነው ያለው። ሞረድ ይዟል።»

የአባታችንን ደንብ ነገርኩት። ሰማኝና፣ «እኛም ኮርስ ላይ እንደዚያ ነው የሚሉን» አለ። «የማያስፈልግህን አታስቀምጥ፣ የሌለ ነገር አይሰረቅም። እኔ ራሴ አላደርገውም እንጂ።»

ሥራው ግን አላለቀም። ሌባ የገባበትን ቤት ቁልፍ ቀይሮ ብቻ አይተኙም አለኝ። ገጹን ሙሉ በሙሉ አፍርሰን እነሱ ካስቀመጡልን የቀድሞ ንጹሕ ቅጂ እንደገና እናቆመዋለን። የይለፍ ቃሎች ሁሉ ይቀየራሉ። ምን ምን እንደማደርግ በተራ ነገረኝ፣ ጠየቅኩት፣ ሳይሰለች ደገመልኝ። ምዕራፍ ስምንት በስልክ ደረሰኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ምንም አልተወሰደም። ታዲያ ለኮቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ? «ያልጠፋ ነገርሽ ሊጠፋ ነበር»? ማስደንገጥ ብቻ ነው። ዝም ብል ማን ያውቃል…

እኔ አውቃለኋ።

ደግሞስ የማልኩት እኔ፣ የጠበቀው እሱ። እኔ ቃሌን አልጠበቅኩም። ወንድምጋሼ ሳያውቀው ጠበቀልኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ነገርኳት። የምሳ ሰዓቷን ጠብቄ ደወልኩ። ሳልዘጋ።

ሁሉንም ነገርኳት፣ «ነገ አጠፋዋለሁ» ብዬ የረሳሁትንም። ስጨርስ ከጀርባዋ የጋሪው ጎማ አልፎ ሄደ።

«አሁን ፎቶዬ የት ነው?»

«አንዱ ወረቀት ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመዶሻው ሥር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። የትም።»

«ጫማውን ተዪው ብልሽስ?»

«ወረቀቱን ዛሬውኑ እልክልሻለሁ» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ወንድሜ ግን ፎርማውን ጨርሷል… እሱንም እልክልሻለሁ። የእግርሽ ነው።»



«እትዬ።»

«አቤት።»

«እውነት ‘እግር አይደለም’ ብሎ ተወው?»

«እውነቴን ነው። ‘የሰው ዕቃ ልንካ?’ አለኝ።»

ያ ወፍራም ሳቅ መጣ። ሳቋን መያዝ አልቻለችም፣ አንድ ሰው ከጎኗ «ምን ሆንሽ?» ሲላት ይሰማኛል። «ምንም፣ ምንም፣ ስለ ጫማ ነው» ትላለች። ስለ ጫማ! ለሰው፣ ጮክ ብላ።

«ለልኬት መቼ ልምጣ?» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንድምጋሼ፣ «ምን አለች?» አለ። «ትመጣለች» አልኩት። ማፏጨት ጀመረ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ገጹ ዛሬ ተከፈተ። ያን ፕለጊን ነቅለን ጣልነው። አዲሱ ክዳኑን ይከፍታል። የገባው ነገር እውነት ፎቶ መሆኑን ውስጡን አይቶ ነው የሚቀበለው፣ ስሙንም ራሱ ይቀይረዋል። ፎልደሩ ውስጥ ደግሞ ምንም ፕሮግራም እንዳይነሳ ተዘግቷል። ቢገባም ተኝቶ ይቀራል። አዲስ ማስጠንቀቂያ እንዳያመልጠኝም በየሰኞው ጠዋት፣ ሥራ ሳልጀምር፣ የሚዘመን ነገር ካለ አያለሁ። ይሄም እንደ ቡሩሽና ማስቲሽ የሰኞ ሥራ ሆነ።

ፎቶዎቹ በራሳቸው ጊዜ እንዲጠፉ ማድረግ ይቻላል አለኝ ቴክኒሻኑ። ለወንድምጋሼ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

«እኔስ? ከሥራ ወጣሁ?»

ስለዚህ ለሱ የራሱ መግቢያ ከፈትኩለት። ማየትና ማጥፋት ብቻ ነው የሚችለው። እኔ ስወጣ የኔ ይዘጋል፣ እሱ በራሱ ይገባል። የይለፍ ቃል ምረጥ ስለው የአባባን የጫማ ቁጥር አለ። ሰው ይደርስበታል አልኩት። «የአባባን የጫማ ቁጥር የሚያውቅ ሌባ ካለ ይግባ፣ ዘመድ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ረዥም ዓረፍተ ነገር መረጠ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም።

ዳክዬም ሦስተኛ ጫማ አዝዛለች። ፎቶውን እንደገና ላኪ አልኳት። ስትቆጣ ምክንያቱን ነገርኳት። «እንዲህ ከሆነ አሥሬ እልካለሁ» አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ኮቴ ጫማዋን ልትወስድ መጣች። ከልኬቱ ቀን ሌላ አይቻት አላውቅም። ያኔ መሽቶ ብርሃን ሲደክም ነበር የመጣችው፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ዛሬ ጠዋት መጣች፣ መንገዱ በሰው በተሞላ ሰዓት። ሳትገባ ሰማኋት። ኳ… ሽሽ። ኳ… ሽሽ።

መስኮቱ ጋ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መጋረጃውን ለመሳብ ተነሳሁ።

«ተዪው እትዬ። ብርሃን ይግባ።»

አሮጌ ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋን አወለቀች። አንድ ልጅ ያዘለች ሴት በመስኮቱ አለፈች፣ አየች፣ አለፈች። ምንም አልሆነም።

ወንድምጋሼ ተንበርክኮ ራሱ አጠለቀላት። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ፣ ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነቱ ሁሉ ውስጡ ነው። ማሰሪያውን አጠበቀና፣ «እስኪ ሂጂ» አላት።

ከአግዳሚው እስከ በሩ ሄደች። ሦስታችንም ጆሯችንን አቁመን አዳመጥን። ኳ። ኳ። ኳ። በሩ ጋ ስትደርስ አልዞረችም። ከፍታ ወጣች። እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ሰው መሃል፣ ሄደች። ወንድምጋሼ ጫማውን ይዛ የጠፋች መሰለውና አንገቱን አወጣ። ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ጥርሷ ግን አልተከደነም።

«እንግዲህ ሳልደርስ ማን ያውቀኛል?» አለች። «በሽተኞቼን አስደነግጣቸዋለሁ!»

«እያሳልሽ ግቢ» አላት ወንድምጋሼ።

ሳጥኑን ሰጠኋት። አሮጌው ጫማ፣ ፎርማው፣ የታጠፈው ወረቀት። ፎርማውን ግን መለሰችልኝ። «እሱ የናንተ እጅ ነው፣ ለሚቀጥለው ይቆይ።» ወንድምጋሼ አኮረፈ። ደንብ ነው አለ፣ አያድርም አለ። «ጋሼ» አለችው፣ «እኔ ፈቅጄ ነው።» እሱ ራሱን አከከ። አባታችን ለዚህ የተናገረው ነገር የለም። ፎርማው አሁን መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከሥሩ «ኮቴ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ በፈቃዷ።

ወረቀቱን ግን ገልጣ አየችው፣ ሲሪንጁን፣ ጣቷን። «ይሄ ነው ሁሉም?»

«ይሄ ነው ሁሉም።»

አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ልንዘጋ ስንል ወንድምጋሼ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠ። በአንድ ጣቱ ያን ረዥም ነገሩን ጻፈ። የዛሬዎቹን እግሮች ነካ፣ ቅርጫቷን ተጫነ። ተነሳ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ፎልደሩ ባዶ ነው። ያን ማክሰኞ እንዲህ ባዶ ሆኖ ሳየው ሌባ የዘረፈው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ቆሜ አየሁት፣ የተጠረገ ቤት እንደሚያዩት።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ደግ» አለና መብራቱን አጠፋ።